ከፍሎ መብላት ወይስ በልቶ መክፈል፦ የምግብ ፓኬጅና የቤተሰብ ሽርሽር

የምግብ ፓኬጅ አንድ ቤተሰብ ወደ ውሃ ፓርክ፣ ወደ ሎጅ ወይም ወደ ሌላ መዝናኛ ከመሄዱ በፊት እዚያ የሚበላውን ምግብ በነፍስ ወከፍና በቀን ተሰልቶ ቀድሞ የሚገዛበት ውል ነው። ውሉ ለማን ይበጃል የሚለው ጥያቄ ከዋጋ ንጽጽር ይጀምርና ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ያልፋል። ቤተሰቡ ምን ያህል ይበላል ከሚለው ይልቅ እንዴት ይበላል፣ መቼ ይጾማል፣ ገንዘብ እጁ የሚገባው በየትኛው ወር ነው የሚሉት ነገሮች መልሱን ይወስኑታል።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ጥያቄው የራሱ መልክ አለው። የአሰንዳቦ፣ የሰርቦ ወይም የሰኮሩ ቤተሰብ ልጆቹን በውሃ መንሸራተቻ ሊያጫውት ሲያስብ መንገዱ የጅማን አውራ ጎዳና ይዞ፣ በወልቂጤና በወሊሶ አልፎ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ቢሾፍቱ ያመራል። የኩሪፍቱ ውሃ ፓርክ የሚገኘው በቢሾፍቱ ነው። በመዲናዋ ደግሞ ቦራ ፓርክ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው አንድነት ፓርክና ከአንድ ዓመት በኋላ የተከተለው እንጦጦ ፓርክ አሉ። ከአሰንዳቦ ተነስቶ እነዚህን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ አይቻልም። ማደር ግድ ይላል፤ ባደሩ ቁጥር ደግሞ ከቤት ውጭ የሚገዛው ማዕድ ይበዛል።

ከስንቅ ወደ ፓኬጅ

ወጪው ከጉዞው በፊት ያለቀ ምግብ ለኢትዮጵያ መንገደኛ አዲስ ነገር አይደለም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በኦሮሞ ቤት ደግሞ ጭኮ ለዚሁ የተፈጠሩ ናቸው። ስንቅ ግን ከሸማችነት ነጻ ነው፤ ያልተበላው ተመልሶ ቤት ይገባል፣ መንገድ ላይ የተገኘ ሰውም ይካፈለዋል። ፓኬጅ እነዚህ ሁለት ጠባዮች የሉትም።

በሆቴል ንግድ ታሪክ ምግብን ከመኝታ ጋር አጣብቆ መሸጥ ቀዳሚው ሥርዓት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሆቴሎች የክፍሉን ዋጋ ከነምግቡ ያስከፍሉ ነበር፤ ይህም አሜሪካዊው አሠራር ይባላል። ክፍሉን ለብቻ፣ ምግቡን ለብቻ ማስከፈል አውሮፓዊው አሠራር ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1855 የተከፈተው የቦስተኑ ፓርከር ሃውስ ወደ አሜሪካ እንዳስገባው ይነገርለታል። ዛሬ በኢትዮጵያ ሆቴሎች የሚሰሙት ፉል ቦርድ፣ ሃፍ ቦርድና ቁርስን ጨምሮ የሚሉት አጠራሮች የነዚህ ሁለት ሥርዓቶች ልጆች ናቸው። ሁሉንም ያካተተ የዕረፍት ሽያጭን በሰፊው ያስተዋወቀው ደግሞ ዤራር ብሊትስ እ.ኤ.አ. በ1950 በስፔኗ ማዮርካ ደሴት በድንኳን የጀመረው ክለብ ሜድ ነው።

በመዝናኛ ፓርክ ደረጃ በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ ፍሎሪዳ የሚገኘው የዋልት ዲዝኒ ወርልድ የምግብ ፕላን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀመረ፣ በወረርሽኙ ጊዜ በ2020 ቆመ፣ በጥር 2024 ተመለሰ። አሠራሩ ለንጽጽር ይጠቅማል። የሚሰጠው ምግብ በአዳር ይቆጠራል። በአንድ ክፍል የሚያድሩ 3 ዓመት የሞላቸው ሁሉ አብረው መግዛት አለባቸው፤ ከ10 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ የአዋቂ ዋጋ ይከፍላል። ያልተበላው በመውጫው ቀን እኩለ ሌሊት ይቃጠላል፤ ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ጉርሻም በፕላኑ ውስጥ የለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ወደ ኦርላንዶ ለመሄድ ሲያቅዱ የሚገጥማቸው ይኸው ውል ነው።

በአገር ቤት ቀድሞ የተከፈለ ምግብ ይበልጥ የሚታወቀው በሌላ በር ነው። ደመወዝተኛው ከምግብ ቤት ጋር በወር ኮንትራት ይበላል። የመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበራት ትራንስፖርትንና ምግብን በአንድ ትኬት ይሸጣሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ካፌ ወይም ነን ካፌ ይሆናል፤ ካፌው በዓይነት ይመገባል፣ ነን ካፌው የምግቡን ገንዘብ በወር ተቀብሎ ከግቢ ውጭ ይበላል። በደንብ ቁጥር 91/1995 በተዘረጋው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተመራቂው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ስለሚመልስ፣ የካፌው ማዕድ ከችሮታ ይልቅ ለግዢ ይቀርባል። ፓኬጅ ይሻላል ወይስ ጥሬ ገንዘብ የሚለው ክርክር በጅማ ግቢዎች ከሽርሽር ጥያቄ ቀድሞ የኖረ ነው ማለት ይቻላል።

በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ውሎች

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚደናቆረው የተለያዩ ነገሮች ሁሉ ፓኬጅ ስለሚባሉ ነው። ቡፌ አንዱ ነው፤ ገደብ የለውም፣ የሚከፈለው ለመግቢያ ነው። ኩፖን ሌላ ነው፤ አንድ ኩፖን አንድ ማዕድ ነው፣ ከተወሰነ ዝርዝር ውስጥ ይመረጥበታል። ሦስተኛው በካርድ ወይም በቴሌብር ቀድሞ የሚሞላ ሂሳብ ነው፤ ይህ ምግብን ሳይሆን ገንዘብን ከኪስ ወደ ሻጩ ያዛውራል፣ የሜኑው ዋጋ ከጨመረም ጉዳቱ የገዢው ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ቀብድ ነው፤ ቦታ ያስይዛል እንጂ ማዕዱን አይገዛም።

ልዩነቱ የጎላ የሚሆነው አደጋውን ማን ይሸከማል ተብሎ ሲጠየቅ ነው። በቡፌ ብዙ የሚበላ ሰው ለሻጩ ኪሳራ ነው፤ ሻጩም ሆድ የሚሞላውን ከፊት፣ ውዱን ከኋላ በመደርደር ራሱን ይጠብቃል። በኩፖን ያልተበላው የሻጩ ትርፍ ነው። በቅድሚያ ሂሳብ አደጋው ሙሉ በሙሉ ከገዢው ጋር ይቀራል፤ ስለዚህ ይህ ሦስተኛው ዓይነት ፓኬጅ ተብሎ መሸጡ ተገቢ አይመስልም።

የደጋፊዎች ክርክር

ፓኬጅን የሚደግፉ ወገኖች በመጀመሪያ የሚያነሱት የዋጋ ዋስትናን ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። የሜኑ ዋጋ በፍጥነት በሚቀየርበት አገር በጥር የተከፈለ የሐምሌ ምሳ ትርጉም ያለው ጥቅም ነው። ነገር ግን የዋጋ ዋስትና የጥራት ዋስትና አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር እንዲያድግ የተወሰነው ተመኑ ቆሞ ገበያው ሲሄድ ሳህኑ ስለሚሳሳ ነው። ሻጩ ዋጋ መጨመር ካልቻለ ሥጋውን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነጥብ የቡና አገርን በቀጥታ ይመለከታል። በጅማ ዙሪያ ቀይ ቡና የሚለቀመው በአመዛኙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ጀንፈል አድርቆ የሚያቆይ ገበሬም እስከ በጋው አጋማሽ ይሸጣል። የልጆች ረጅም ዕረፍት ግን ክረምት ነው፣ ያኔ ቤቱ ያለፈውን ምርት በልቶ መጪውን ይጠብቃል። ገንዘብ ባለበት ወር ከፍሎ ገንዘብ በሌለበት ወር መብላት ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የቁጠባ መሣሪያ ነው። እቁብም በብዙ ቤት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእቁብ ገንዘብ ለሕመም ወይም ለማዳበሪያ ሊዞር መቻሉ፣ የፓኬጁ ግን አለመቻሉ ነው። ደጋፊዎች ይህን ግትርነት ጥቅም ይሉታል፤ የልጆቹ ሽርሽር በሌላ ጣጣ አይበላም ብለው።

ሦስተኛው የመንፈስ ዕረፍት ነው። ድራዘን ፕሬሌክና ጆርጅ ሎዌንስታይን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የቤት ዕቃን እየተጠቀሙ ቢከፍሉ፣ ዕረፍትን ግን ቀድመው ቢከፍሉ እንደሚመርጡ አሳይተዋል። የተከፈለበት ዕረፍት ነጻ ሆኖ ይሰማል፤ በየማዕዱ የሚመጣ ሂሳብ ግን ደስታውን ይሸርፋል። ሜኑውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከዋጋው ወደ ስሙ የሚያነብ አባት ያለበት ገበታ ላይ ይህ ግኝት ክብደት አለው።

የተቃዋሚዎች ክርክር

ተቃዋሚዎች የሚነሱት ሰው የወደፊት ፍላጎቱን ሲገምት አብዝቶ ከመገመቱ ነው። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልመንዲየር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት በሦስት የአሜሪካ ጂሞች ከ7,700 በላይ የአባላት መዝገቦችን መረመሩ። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በወር በአማካይ የሚሄዱት 4 ጊዜ ያህል ነበር፤ ለአንድ ጊዜ ከ17 ዶላር በላይ ማለት ነው፤ በ10 ዶላር መግባት የሚያስችል አማራጭ እያለ። ጂምና እንጀራ ግን አንድ አይደሉም። ረሃብ በየቀኑ ይመጣል፤ ስንፍና አያስቀረውም። ስለዚህ ይህ ማስረጃ ለምግብ ሲውል ሊቀንስ ይገባል፤ ያም ሆኖ መክሰስ፣ ለስላሳና ጣፋጭ ወደሚካተትበት ክፍል ሲደርስ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል።

ሌላው ማስረጃ የመጣው ከቲያትር ነው። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረቡት ሙከራ ለወቅቱ ትኬት ሙሉ ዋጋ የከፈሉ ተመልካቾች ቅናሽ ካገኙት ይልቅ በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ አዘውትረው ታዩ፤ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። የተከፈለበትን ነገር ለማስመለስ መድከም ገበታ ላይ ሲመጣ ልጅን ሳይርበው ማብላት ይሆናል። ገና ወደ ውሃው ያልገባ ልጅ የምሳው ሰዓት ሊያልፍ ነው ተብሎ ከመንሸራተቻው ሲጠራ፣ ፓኬጁ ለሽርሽሩ መሥራቱን ትቶ ሽርሽሩ ለፓኬጁ መሥራት ጀምሯል። ይህ ከገንዘብ ኪሳራው የከፋ ነው።

ነፍስ ወከፍና ትሪ

በውጭ የተጻፈው ክርክር የማያነሳው፣ በኢትዮጵያ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ነጥብ የመለኪያው ጉዳይ ነው። ፓኬጅ የሚሸጠው በራስ ቁጥር ነው፤ ቤተሰቡ የሚበላው ግን ከአንድ ትሪ ነው። አራት ሰው ሁለት ምግብ አዝዞ፣ እንጀራ አስጨምሮ ጠግቦ ይነሳል። ትንሹ ልጅ ከእናቱ እጅ ይጎርሳል እንጂ የራሱ ሳህን የለውም። በነፍስ ወከፍ የተሰላ ውል ይህን ልማድ ወደ አራት ሳህን ቀይሮ ያስከፍላል።

የሚከተለው ስሌት ልዩነቱን ለማሳየት በተወሰዱ ምናባዊ ዋጋዎች የተሠራ ነው። አባት፣ እናት፣ የ8 ዓመት ልጅና የ5 ዓመት ልጅ ሁለት ሌሊት ያድራሉ። ቁርስ ከክፍሉ ጋር ነው። ፓኬጁ ምሳን፣ እራትንና መክሰስን ይዞ፣ ሁሉንም ክፍያ ጨምሮ፣ ለአዋቂ በቀን 2,000 ብር፣ ለትልቁ ልጅ ግማሽ፣ ለትንሹ ነጻ ነው እንበል፤ በሁለት ቀን 10,000 ብር ይሆናል። ያለ ፓኬጅ በትሪ ቢበሉ ምሳ 1,600፣ እራት 1,400፣ መክሰስ 500፣ በድምሩ 3,500 ብር ነው። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከል በቀን 4,427.50፣ በሁለት ቀን 8,855 ብር ይመጣል። ከአሰንዳቦ የተነሳ ቤተሰብ ግን የመጀመሪያውን ቀን ምሳ የሚበላው ወልቂጤ ወይም ወሊሶ ነው፤ ያ ምሳ ከመዝናኛው ሂሳብ ሲወጣ 6,831 ብር ይቀራል። ፓኬጁ ያኔም 10,000 ነው። ያው ቤተሰብ እያንዳንዱ ለየራሱ የሚያዝ ቢሆንና ምሳው 2,600፣ እራቱ 2,400፣ መክሰሱ 500 ቢደርስ ደግሞ፣ የመንገዱ ምሳ ከወጣም በኋላ ሂሳቡ 10,626 ብር ይሆናል፤ ፓኬጁ በጥቂቱ ያሸንፋል። የዋጋው ሰሌዳ አልተነካም፤ የተቀየረው የአበላል ልማድ ብቻ ነው።

ስሌቱ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ሲደመሩ በሜኑው ላይ 26.5 በመቶ ስለሚጨምሩ፣ ሁሉን ያካተተ ዋጋን ካልተጠቃለለ ሜኑ ጋር ማወዳደር ፓኬጁን ያለ ጥፋቱ ውድ ያስመስለዋል። ሁለተኛ፣ በአዳር የሚቆጠር ውል የሚጎዳው ሩቅ መንገደኛን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ ረፋድ ላይ ቢሾፍቱ ደርሶ የመጀመሪያውን ምሳ ይበላል፤ የጅማ መንገደኛ ማታ ይደርሳል፣ በመውጫው ቀንም ገና በጠዋት ይነሳል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የዘመድ ነገር አለ። አዲስ አበባ የደረሰ የገጠር ቤተሰብ አጎት ወይም አክስት ቤት ሳይበላ ማለፍ አይችልም፤ ተጠርቶ መቅረት ቅያሜ ያመጣል። ዘመድ ደግሞ በተራው ፓርኩ ድረስ ሊጠይቅ ሲመጣ እንብላ ማለት ግድ ነው፣ በስም የተቆረጠ ኩፖን ግን እንግዳ አያስተናግድም። ፓኬጅ ቤተሰቡ በውሉ ላይ በተጻፉት ስሞች እንደሚያልቅ ይገምታል።

የጾምና የፍስክ አቆጣጠር

ክረምት በትምህርት ቤት ዕረፍት ቢሆንም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ዘንድ በጾም የተከፋፈለ ወቅት ነው። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል። በመካከል ያለው የሐምሌ ፍስክና ከነሐሴ 16 በኋላ ያሉት ቀናትም ረቡዕና ዓርብ ይነሱላቸዋል። ዋጋው በሥጋ ተሰልቶ የተቆረጠ ፓኬጅ በእነዚህ ቀናት በሽሮና በአትክልት ይከፈላል። አንዳንድ ሆቴሎች የጾም ቡፌ ለብቻው በዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባሉ፤ ፓኬጁ ግን አንድ ዋጋ ከሆነ ጿሚው የፍስከኛውን ሳህን ይደጉማል። እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚጾም አዋቂ ደግሞ ቁርሱን፣ አንዳንዴም ምሳውን ያጣል።

በረመዳን የሚጓዝ ሙስሊም ቤተሰብ ችግሩ ይብስበታል። ምሳ ሙሉ በሙሉ ይወድቃል፤ የሚያስፈልገው ኢፍጣርና ሱሁር ሲሆን፣ ሱሁር ኩሽና በተዘጋበት ሰዓት ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ በ2018 ዓ.ም. ከዐቢይ ጾም ጋር በተቀራረቡ የየካቲት ቀናት ጀምሯል። ሁለቱም እምነቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በጅማ፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በሰፈር ተደራጅቶ የሚሄድ የጋራ ጉዞ በዚህ ወቅት አንድ ዓይነት ፓኬጅ ለሁሉ ሊገዛ አይችልም። ከጾም ውጭም ቢሆን የእርድ ጉዳይ አለ፤ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ በተለየ ኩሽና የማያዘጋጅ መዝናኛ ከቡድኑ ግማሹን ወደ ጾም ምግብ ይገፋል፣ ዋጋው ግን አይቀንስለትም።

በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በዚህ ነጥብ ላይ የተሻለ ዕድል የገጠማቸው ይመስላል። ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነጻ የሆነ ምግብን በዋና ዋና መመገቢያዎቹ በምልክት ለይቶ ያቀርባል። ለጿሚ በቂ ነው፤ ለኩፖኑ ዋጋ ይመጥናል ወይ የሚለው ግን ያው የአሰንዳቦው ጥያቄ ነው።

የልጆች ዕድሜና የውጭ ምግብ ክልከላ

የልጅ ዋጋ ድንበር ብዙ ውሳኔ ይገለብጣል። የ9 ዓመት ልጅ ያለው ቤተሰብና የ10 ዓመት ልጅ ያለው ቤተሰብ በዲዝኒ አንድ ዓይነት ስሌት የላቸውም፤ በኢትዮጵያ ድንበሩ ከሆቴል ሆቴል ይለያያል፣ የልደት ካርድ ባልተያዘበት ቦታም በበሩ ላይ በቁመት ሊፈረድ ይችላል።

ክልከላው ግን ከዋጋ ይበልጥ ይመዝናል። ብዙ የአገር ቤት መዝናኛዎች ምግብና መጠጥ ይዞ መግባትን ይከለክላሉ። የዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች ከመስታወት ዕቃና ከአልኮል በቀር ምግብ ይዞ መግባትን ይፈቅዳሉ። ስንቅ በተፈቀደበት ቦታ ፓኬጁ መወዳደር ያለበት ከዳቦ ቆሎና ከቤት ከተጠቀለለ እንጀራ ጋር ነው፤ በዋጋም አይረታቸውም። በተከለከለበት ቦታ ተወዳዳሪው የግቢው ሜኑ ብቻ ነው፤ ፓኬጁ ቅናሽ የሚመስለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት መጠየቅ ያለበት የበሩ ደንብ ነው።

ያልተበላው የማን ነው

የቀረው ክርክር ሕጋዊ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 በተደነገገው መሠረት ተዋዋዮች ካልተስማሙበት በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ካፈረሰ ደግሞ የቀብዱን እጥፍ ይመልሳል። ይህ ሚዛናዊ ነው፤ ሁለቱም ወገን መውጫ አለው፣ ሁለቱም ይከፍላል። ሙሉ ዋጋው ቀድሞ ሲከፈል ግን ክፍያው ቀብድ መሆኑ ቀርቶ የውሉ አፈጻጸም ይሆናል፣ መውጫውም ደረሰኙ ላይ በተጻፈው ቃል ላይ ይንጠለጠላል። መንገድ ተዘግቶ፣ ልጅ ታሞ ወይም ለቅሶ ገጥሞ ቤተሰቡ ቢቀር፣ ገንዘብ አይመለስም የሚል አንድ መስመር በቀብዱ ሥርዓት የነበረውን ሚዛን ያፈርሰዋል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድዳል። የተለጠፈ ሜኑ ካለ ገዢው ስሌቱን ቀድሞ መሥራት ይችላል። ሁለት ጥያቄዎች ግን ክፍት ናቸው። ሻጩ ሳያበስል ያተረፈውን ማዕድ ዋጋ መያዙ ተገቢ ነው ወይ የሚለው አንዱ ነው፤ ሻጮች ቦታውን ይዘን፣ ሥጋውን ገዝተን ጠብቀናል ይላሉ፣ ገዢዎች ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ለተነገረ መቅረት ይህ ምክንያት አይሆንም ይላሉ። ሌላው በጾም ቀን የተበላ ማዕድ የፍስክ ዋጋ ሊከፈልበት ይገባል ወይ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው በኩፖኑ ላይ የማሳወቂያ ቀነ ገደብ መጻፍ ይበቃል። ሁለተኛው ኩፖኑን በራስ ቁጥር ከመቁረጥ በማዕድ ዓይነት መቁረጥን ይጠይቃል፤ ለጾምና ለፍስክ የተለያየ ዋጋ ያላቸው ሜኑዎችን ለየብቻ የሚያትሙ ሆቴሎች ስላሉ ይህ ከአቅማቸው በላይ አይደለም።